ስልሳ ሁለት ሰው በአንድ ስም

ራግቢ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ራግቢ ለማየት አሜሪካ የሄድኩት። ከተመለስኩ ወዲህ አዳማ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «እሺ፣ አሜሪካ እንዴት ናት?» ይለኛል። እኔ ግን አሜሪካን አላየሁም። ያየሁት ኦክላንድንና ሳን ሆዜን፣ በሁለቱ መሃል ያለውን መንገድ፣ አንድ ትንሽ ክለብንና የእህቴን ልጅ ፊት ነው። መሄድ ለማትችሉት ይሁናችሁ ብዬ የሆነውን ከነስህተቴ ጽፌዋለሁ።

የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ቡድን መሪ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቡድን መሪ ማለት ማልያ ማሳጠቡም፣ ሆቴል መያዙም፣ ከዳኛ ጋር መጨቃጨቁም የእሱ የሆነ ሰው ነው። በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ለውጭ ጨዋታ ስንወጣ አውቶብሱ ሳይነሳ ልጆቹን ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ መንገድ ላይ ደግሞ አንዱን የረሳሁ እየመሰለኝ ለአራተኛ ጊዜ እቆጥራለሁ። ዘንድሮ ክለቦች ከውጤት ሌላ በአስተዳደራቸውም ሊመዘኑ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ፕሬዚዳንታችን ጠሩኝና፣ «ያቺ የእህትህ ልጅ አሜሪካ ክለብ ውስጥ ነው የምትሠራው አላልከኝም? ሂድና አሠራራቸውን አይተህ ና» አሉኝ።

ቤዛ ትባላለች። ዲቪ ደርሷት ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ደህና ሥራ ነበራት። እሱን ትታ የራግቢ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ስትሆን እናቷ ደውላ አልቅሳብኛለች፤ ኳስ የሚባል በሽታ ከኔ የተጋባባት ይመስል።

ረቡዕ

ከአዳማ የወጣሁት ከምሳ በኋላ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ሞጆን ሳናልፍ ፓስፖርቴን ሁለት ጊዜ ዳሰስኩት። ሹፌራችን አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ፓስፖርቱ እግር የለውም፣ የትም አይሄድም» ብሎ ቀለደብኝ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እንደ ማንም ሰው ይዣለሁ። ከዚያ ሌላ ስድስት የክለባችንን ሻርፕ ይዣለሁ፤ እንግዳ ክለብ ጋ ባዶ እጁን የሚሄድ ቡድን መሪ የለም። አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት እስከ መጨረሻው ተኛ። እኔ ክንፉን ስጠብቅ አደርኩ።

ሐሙስ

ሳን ፍራንሲስኮ ስንደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ «ለምን መጣህ?» አለኝ።

«ራግቢ ለማየት።»

ቀና ብሎ ሆዴን አየ፣ ፓስፖርቴን አየ፣ እንደገና ሆዴን አየ። «ከኢትዮጵያ? ለራግቢ?» ሲል ለራሴም ውሸት መሰለኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። ከእጅ ቦርሳዬ አንዱን ሻርፕ አውጥቼ «ቲም ሊደር!» ስለው ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ሻርፑን ይወስደዋል ብዬ ነበር፤ አጥፎ መለሰልኝ።

የተቀበለኝ ዳዊት ነው፣ የቤዛ ባል። ሬድውድ ሲቲ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። «ቤዛ ሚቲንግ ላይ ናት፤ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላለች፣ ጋሼ» አለኝ። ረጅሙን ድልድይ ተሻግረን ኦክላንድ ገባን። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን። መኝታ ቤቱን ለኔ ለቀው እነሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ሊተኙ አንጥፈው ጨርሰዋል። «እኔ ሶፋው ላይ» ብዬ ሞገትኩ፤ ቤዛ ስትመጣ ደግሞ እንደገና ሞገትኩ። በሁለቱም ተሸነፍኩ። አገር ቤት እንግዳ ሆኜ እንዲህ ስደረግ አይከብደኝም። እዚያ ግን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ለሥራ የሚነሱ ሰዎች አልጋ ላይ ተኝቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ

ጠዋት ሁለቱም ሥራ ሄዱ። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ በነጠላ ጫማ ከበሩ ወጣሁ፤ በሩ ከኋላዬ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ለካ በራሱ የሚቆለፍ ነው። ስልኬ ውስጥ፣ ቁልፉ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ጎረቤታቸው አንዲት አዛውንት ሴት በመስኮት አይተውኝ ወንበር አወጡልኝ። ንፋሱ ብርድ ቢጤ ነበረውና የልጃቸውን ሹራብ አመጡልኝ። ሹራቡ ጉልበቴ ደረሰ። ከዚያ ለቤዛ ኮል አደረጉላት። አሜሪካ ውስጥ ጎረቤት አይተዋወቅም ይባል የለ? እኔ በመጀመሪያው ጠዋት አንዷን ከነሹራቧ አወቅኳት።

ከሰዓት በኋላ ቤዛ ወደ ሳን ሆዜ ይዛኝ ሄደች። ሜዳቸው ያለው እዚያ ነው፣ የአንድ ኮሌጅ ሜዳ ተከራይተው። ቢሯቸው ደግሞ ኦክላንድ፣ ከጎማ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። መንገዱ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ለማውራት ሰፊ ጊዜ አገኘን።

«ጋሼ፣ እዚህ ማሸነፍ ብቻውን አያድንም» አለችኝ። «በየዓመቱ ግሬድ ይሰጠናል። ሜዳው ይታያል፣ ቢሮው ይታያል፣ ለታዳጊዎች የምንሠራው ይታያል፣ ደጋፊ ይቆጠራል። ውጤት ከነዚያ አንዱ ነው።»

«ሻምፒዮን የሆነስ?»

«ሻምፒዮን ሆኖም ግሬዱ ከወረደ ከሊጉ ሊወጣ ይችላል።»

እኛ ጋ ዋንጫ ካነሳህ ቢሮህ ወንበር ባይኖረውም ማንም አይጠይቅህም። የሚጠየቀው የተሸነፈ ነው።

«እናንተስ እንዴት ናችሁ?» አልኳት።

«ሌላው ደህና ነው። ደጋፊ ላይ ሃምሳ ሰው ይጎድለናል። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ነው፤ የሊጉ ገምጋሚ ራሷ ትመጣለች። ካልሞላ ሊያስወጡን ይችላሉ። ከወጣን ክለቡ ይዘጋል።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሆስፒታሉን የተውኩት ለዚህ ነው፣ ጋሼ» አለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሷ ጭንቀት ወደኔ ተሻገረ።

ልምምዱን አየሁ። አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት ሆነው ነው የሚጫወቱት። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች። ይዞ ወደ ፊት መሮጥ ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል ግን ከኋላህ ላለው ብቻ ነው። ስድስት ጊዜ ይዘው ከጣሉህ ኳሷን ለተጋጣሚህ ትሰጣለህ። አሠልጣኙ ሲዮኔ ይባላል፤ ወላጆቹ ከቶንጋ ደሴት የመጡ፣ ትከሻው በር የሚያክል፣ ድምፁ ግን እንደ ቄስ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። ተጫዋቾቹ ይከፈላቸዋል፤ ቢሆንም ግማሾቹ ቀን ቀን ዕቃ ያደርሳሉ፣ ጣሪያ ይሠራሉ። ሻርፖቹን ስሰጠው አንዱን እዚያው አንገቱ ላይ አደረገና ለራት እናቱ ቤት ጠራን።

እናቱ እማማ ሜሌ ኦክላንድ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጠረጴዛው መሃል ላይ አንድ ሙሉ የአሳማ ግልገል ተጠብሶ፣ ጥርሱን አግጦ ያየኛል። እግዜር ዓርብን ስለፈጠረ አመሰገንኩት። «ጾም ነኝ በይልኝ» አልኳት ቤዛን። እማማ ሜሌ ከመቆጣት ይልቅ «እኛም ቤት ጸሎትና ጾም አለ» ብለው ተነሱና ጎደሬ ቀቅለው አመጡልኝ። ጎደሬ! ከወላይታ ሰዎች ቤት በቀር በልቼው አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጨመሩልኝ፤ እምቢ ማለት እንደማይቻል ዓይናቸው ነገረኝ። በሰው ቤት ተገድዶ መብላትን እኛ ብቻ የፈጠርነው ይመስለኝ ነበር።

እሑድ

ቅዳሜን ከእንቅልፍ ጋር ስታገል ዋልኩ፤ የሚነገር የለውም። እሑድ ሳን ሆዜ ወዳለው የነቤዛ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እነሱ ጴንጤዎች ናቸው። ግን ሐበሻ በተሰበሰበበት እንግዳ አይኮንም።

ሐሳቡ የኔ ነበር። «ሃምሳ ሰው ነው አይደል የጎደለሽ? ጉባኤው ውስጥ ይኸው ሁለት መቶ ሰው አለሽ» ብያታለሁ። ቤዛ መኪናው ውስጥ፣ «ጋሼ፣ አደራ። ሁሉም ሰው በየራሱ ስልክ፣ በየራሱ ስምና ኢሜይል ነው ቲኬት የሚቆርጠው። የሚቆጠረው ቲኬቱ ሳይሆን ሰውየው ነው» አለችኝ። በሩ ላይ ስታወርደኝ ደግማ ነገረችኝ። እሷ ሜዳው ጋ አፖይንትመንት ስለነበራት ጥላኝ ሄደች።

ከአምልኮው በኋላ ለማስታወቂያ ጊዜ ሰጡኝ። ስለ ቤዛ ተናገርኩ፤ የኛ ልጅ በፈረንጅ ክለብ አስተዳዳሪ መሆኗን ስናገር አጨበጨቡ። ውጭ ስንወጣ ሰዎች ስልካቸውን እያወጡ ከበቡኝ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደተባለው ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ወርቅነህ መጡ። ታክሲ ነድተው ልጆች ያስተማሩ፣ ጉባኤው ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። «ማነው ስልክ የሚያወጣው? አስገቡ! እንግዳ ፊት አታዋርዱኝ፤ ይሄ በኔ ነው!» አሉ።

አንዲት የመዘምራን ኃላፊ፣ «በጌታ፣ ጋሽ ወርቅነህ! የመዘምራኑማ በኔ ነው» ብላ እጃቸውን ያዘች።

«ልቀቂኝ፣ ልጄ!»

«አልለቅም!»

አንዱ የአንዱን ስልክ ይቀማ ጀመር። ግብዣ ላይ እንደምንጣላው ማለት ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ምን አደረግኩ? «በቃ፣ ታላቅ ይከበራል። ጋሽ ወርቅነህ ይጋብዙ» ብዬ ፈረድኩ። ሕዝቡ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ወርቅነህ የሚመጣውን ሰው አንድ በአንድ ጠይቀው፣ ስልሳ ሁለት ቲኬት በራሳቸው ስም ቆረጡ። ቤዛ አደራ ያለችኝ ከጭንቅላቴ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ይባስ ብሎ ደስ ብሎኛል።

ደወልኩላት። «ተጨርሷል» አልኳት፤ «ስልሳ ሁለት።»

በስልኩ ውስጥ በደስታ ስትጮህ ሰማኋት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ያንን «ተጨርሷል» ያልኩትን እስካሁን እሰማዋለሁ።

ከሰኞ እስከ ዓርብ

ሳምንቱን ሙሉ ቢሯቸው እየዋልኩ ማስታወሻ ያዝኩ። አራት ሰው ነው ያለው፤ ሌላው በነጻ የሚያገለግል ነው። ሜዳ መስመር የሚያሰምሩት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። እኛ ጋ ክለብ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ከንቲባ ሲቀየር ክለቡም አብሮ ይታመማል። እዚያ ደግሞ ማንም የለውም፤ ደጋፊ ካጣ ያልቃል። የትኛው እንደሚሻል አሁንም አልቆረጠልኝም።

ሐሙስ ቤዛ ፕሌዘንተን ወዳለ አንድ ድርጅት ይዛኝ ሄደች። ማልያቸው ላይ ስሙን የሚያስለጥፍ ድርጅት ነው። እኛ ጋ ስፖንሰር የሚጠይቀው የክብር ቦታው ላይ የት እንደሚቀመጥ ነው። ይህ ሰውዬ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ «የስንት ሰው ስምና ኢሜይል አላችሁ?»

ቤዛ ኮራ ብላ፣ «እሑድ ብቻ ስልሳ ሁለት ጨምረናል» አለችው።

የስንት ሰው ስም? የጋሽ ወርቅነህ ስም ነዋ፣ አንድ ስም! ሁሉም ነገር በአንዴ መጣብኝ፤ መኪናው ውስጥ ያለችኝ፣ በሩ ላይ የደገመችልኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ዘፈን ከፍታ በጣቷ መሪውን ትመታለች። ከመጣሁ እንደዚያ ዘና ብላ አላየኋትም። «ምን ሊሉ ነበር፣ ጋሼ?» አለችኝ። «አየሩ ደስ ይላል» አልኳት። ያን ጊዜ ብናገር ሁለት ቀን ያህል ነበረን፤ ጋሽ ወርቅነህ ጋ ደውሎ ማስተካከል ይቻል ነበር። ዝም አልኩ። ምናልባት ማንም አያየውም፣ ሰዎቹ እንደሆነ ይመጣሉ፣ ሰው ሰው ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ዓርብ እማማ ሜሌ ጎደሬ ቀቅለው ለኔ ብለው ቢልኩልኝም ሳልነካው አደረ።

ቅዳሜ

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር። የኛ ሰዎች አብዛኞቹ የመጡት የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያንንስ ለምጄዋለሁ። ሴቶቹ ነጠላ፣ ወንዶቹ ኮት፣ ሕፃናት በጋሪ። ጋሽ ወርቅነህ በሩ ላይ ቆመው ስልካቸውን ዘረጉ። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ያንኑ ስልክ ስካን ታደርጋለች፤ አንድ ጊዜ ጲጵ ሲል አንድ ሰው ይገባል። ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ። ጋሽ ወርቅነህ የእያንዳንዱን ትከሻ እየነኩ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ የኔ ናቸው!» ይላሉ። ከልጅቷ ጀርባ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች ሽበታም ሴት ቆማ በእጇ ባለው ታብሌት ላይ ትጽፋለች። ገምጋሚዋ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ጨዋታውን ለመናገር ያህል፣ የነቤዛ ቡድን አሸነፈ። ሕጉ ያልገባቸው መዘምራን የቶንጋ እናቶች ሲጮኹ እየጮኹ፣ ሲያዝኑ እያዘኑ ከማንም በላይ ደገፉ። በመጨረሻ አንዱ ጣሪያ ሠሪ ልጅ ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተሸክሞ ኳሷን ከመስመሩ ባሻገር መሬት ሲያስነካት ሴቶቹ እልል አሉ። ሲዮኔ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። እኔ ግን በትከሻው በላይ ቤዛን ነበር የማየው፤ ገምጋሚዋ በጣቷ ጠርታት አንድ ክፍል ውስጥ ይዛት ገባች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ምን አለችሽ?» አልኳት። «ምንም አይደል፣ ጋሼ። ቲኬቶቹ በአንድ ስም ስለሆኑ ትንሽ ጥያቄ ነበራት» አለችኝ። በማን ስም ሆኑ፣ ለምን ሆኑ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ቤዛ በማለዳ ወጣች። ዳዊት ቁርስ አቀረበልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዝምተኛ ሰው አፍ ሲከፍት ያስፈራል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ነገረኝ እንዳይሉ» አለ። «ከዚህ በፊት አንድ ክለብ ራሱ ቲኬት እየገዛ ደጋፊ አለኝ ብሎ ተይዟል። ስለዚህ ስልሳ ሁለት በአንድ ስም ሲያዩ ማጭበርበር ነው ያሉት። ማጭበርበር ከሆነ ክለቡ ወዲያው ነው የሚወጣው። ቤዛ፣ የክለቡ እጅ የለበትም፣ ለሰዎቹ በትክክል ያላስረዳሁት እኔ ነኝ ብላ ፈርማለች።»

«እሷ እኮ ነግራኛለች! ሁለት ጊዜ!»

«አውቃለሁ። ነገ ሬድውድ ሲቲ የሊጉ ስብሰባ አለ። ክለቡ ቢተርፍም እሷን እዚያ ሥራ ላይ የሚያቆያት የለም።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጨዋታ ሪፖርት ጽፌያለሁ። በተሸነፍን ቁጥር «የዳኛ በደል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ዳኛው ደህና ከሆነ የሜዳው ጭቃ፣ ሜዳው ደህና ከሆነ የመንገዱ ድካም። አንድም ቀን የራሴን ስም ጽፌ አላውቅም። ያን ጠዋት አፈርኩ፤ ፈራሁም። ማፈሩ ግን ባሰ።

ለጋሽ ወርቅነህ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጡ። «ሰው ጋብዤ ወንጀለኛ ልባል?» አሉ። ከዚያ፣ «ልጅቷ በኔ ነው የተነካችው?» አሉ። «በኔ ነው» አልኳቸው። «በሁለታችን ነው። ስንት ሰዓት ነው ስብሰባው?» አሉኝ።

ሰኞ

ዳዊት ሁለታችንንም ሬድውድ ሲቲ ወሰደን። ሊጉ የተከራየው ጠባብ ክፍል ነው። ቤዛ ስታየን ከወንበሯ ተነሳች፤ «ጋሼ፣ እባክዎ...» አለች። ተቀመጪ አልኳት በእጄ። እንግሊዝኛዬ የሪፖርት እንግሊዝኛ ነው፤ ቢሆንም በራሴ አፍ መናገር ነበረብኝ።

ገምጋሚዋ ሰማችኝ። «እያንዳንዱ በየስሙ እንዲቆርጥ ነግራህ ነበር?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

«አንተ ምን አልካት?»

«ተጨርሷል አልኳት።»

«ስህተት መሆኑን መቼ አወቅህ?»

እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። ቅዳሜ በሩ ላይ ብል ማን ያውቅብኛል? ቤዛ ታየኛለች። «ሐሙስ» አልኩ። «ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ቤዛ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረች።

ጋሽ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በኛ ባህል እንግዳ ፊት ማንም ለራሱ አይከፍልም። ነውር ነው» አሏት።

«ይገባኛል። ግን ሁሉም በአንተ ስም ከሆነ ማን እንደመጣ በምን ይታወቃል?»

«እኔ አውቃቸዋለኋ!» ብለው ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ሴት ስም፣ የባሏን ስም፣ የት እንደምትሠራ፣ ስንት ልጅ ይዛ እንደመጣች፤ ከሷ ቀጥሎ ማን፣ ከሱ ቀጥሎ ማን። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ ሄዱ። የዚህኛው እናት ታማለች፣ ጸልዩላት አሉ በመሃሉ። ገምጋሚዋ መጻፏን ትታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሠላሳኛው ሰው ላይ ሲደርሱ «ይበቃል፤ አምኛለሁ» አለች። ጋሽ ወርቅነህ ግን ስልሳ ሁለተኛው ላይ እስኪደርሱ አላቆሙም።

ከሰዓት በኋላ ውሳኔው መጣ። ማጭበርበር የለም፤ ቤዛም ላይ የተጻፈ ጥፋት የለም። ስልሳ ሁለቱ ግን አይቆጠሩም፤ ሕግ ሕግ ነው። ደጋፊው ስላልሞላ ክለቡ ለአንድ ዓመት በሙከራ ይቆያል፤ በሚቀጥለው ግምገማ ካልሞላ ይወጣል። በየስማቸው ቆርጠው ቢሆን ኖሮ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ቤዛ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ አጠፈችው። ከሥራዋ አልተባረረችም። እፎይ ብዬ ልተነፍስ ስል ትከሻዋን አየሁት፤ አሁን ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ሃምሳ ሰው ተሸክማ ልትኖር ነው።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሰችኝ እሷ ናት። መንገዱን ሁሉ ስለ ሻንጣ ኪሎ፣ ስለ እናቷ ደም ግፊት፣ ስለ ትራንዚቱ ስናወራ ሄድን። ይቅርታ ልጠይቃት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «አለፈ እኮ፣ ጋሼ» ብላ አቋረጠችኝ። ፓርኪንግ አድርጋ ሻንጣዬን እስከ ውስጥ ገፋችልኝ። ለእናቷ የላከችውን ዕቃ አስረከበችኝና ሦስት ጊዜ ሳመችኝ።

ወደ ፍተሻው ልገባ ስል ጠራችኝ።

«ጋሼ። የሊጉ ሰዎች ሲጠይቁኝ ያልመለስኩት አንድ ጥያቄ አለ» አለች። «የሚገባውን ቲኬት ሁሉ ስሙን ከፍቼ አያለሁ፤ ሥራዬ ነው። የሲዮኔን እናት ቲኬት እንኳን አይቻለሁ። የእሑዱን ስልሳ ሁለት ብቻ አላየሁም። ለምን አላየሽም አሉኝ።»

«ለምን አላየሽም?»

«ተጨርሷል ያሉኝ እርስዎ ስለሆኑ ነዋ» አለች።

ቁጣ አልነበረባትም። የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች፣ ሥራ ይረፍድብኛል አለችና ሄደች። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተሰለፍኩ።